የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ሞቱ። በአምባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተበተነ። በዚያ ሁከት መካከል አራት ዓመት ያህል የሆነው አንድ ሕፃን ወላጆቹን አጥቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ የጦር መኰንን አነሣውና በመርከብ ወደ ህንድ አገር ወሰደው። ይህ መኰንን በሞተ ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ተጠራ።

በህንድ አገር በሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ኋላም በላሆር ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ጨረሰ። ደግሞ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤድንበርግ ከተማ ዕውቀቱን ጨመረ። ከዚያም በበርማ አገር የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ።

ልጆች ሆይ፥ ልብ አድርጉ። ይህ ተማሪ ትምህርት አልጎደለበትም፤ የጎደለበት ሌላ ነበር። በአጠገቡ አማርኛ የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ፥ ከእናቱ አፍ የሰማው ቋንቋ ጥቂት በጥቂት ጠፋው። ስሙንም ረሳ። ሕፃን ቋንቋን ፈጥኖ እንደሚማር ፈጥኖ ይረሳልና በዚህ አይነቀፍም።

በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ማድረጓን ሲሰማ ወደ ተወለደበት አገር ለመሄድ ቆረጠ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በበርማ ሥራና ደመወዝ ነበረው፤ በኢትዮጵያ ግን የሚያውቀው አንድም ዘመድ አልነበረውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ድንኳን ተክሎም በሽተኞችን ያለ ዋጋ ያክም ጀመር። ከወገኖቹ ጋራ የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር።

ወሬው በከተማው በተሰማ ጊዜ፥ በመቅደላ ሕፃን የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ወደ እርሱ መጡ። የጠፋው ልጅ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ያስታውሱ ነበር። ቢመለከቱት ጠባሳው በስፍራው ተገኘ። አሮጊቲቱ አያቱ ነበሩ። ስሙ ወርቅነህ፥ የአባቱም ስም እሸቴ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዐወቀ።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ሥራቸው እየተመለሱ ብዙ ዓመት አገለገሉ፤ በመጨረሻ ግን ጡረታ ወጥተው በአገራቸው ተቀመጡ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። ስለ ዓለም አገሮች የሚያስተምር መጽሐፍም ለተማሪዎች አዘጋጁ፤ የጻፉትም በዚያ በጠፋባቸው ቋንቋ በአማርኛ ነው።

ልጆቻቸውን ብንያምንና ዮሴፍን በእንግሊዝ አገር አስተማሩ። እነርሱም ተምረው አገራቸውን ለማገልገል ተመለሱ። አባታቸው ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣሊያኖች በአዲስ አበባ የተማሩትን እየፈለጉ ሲገድሉ፥ ሁለቱ ወንድማማች በዚያው ጊዜ ተገደሉ። አባት የልጆቻቸውን ሞት በባዕድ አገር ሆነው ሰሙ።

ጠላት ከወጣ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል ዕድሜያቸው ዐረፉ።