ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ፦ ፊደል ቀርጸው የታገዱት ዓሊም

ከሀገራችን ዑለሞች መካከል የሸይኽ በክሪ ሳጳሎን ስም ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የደረሰባቸውን ግን በወጉ አናወራም።

አቡበከር ገራድ ዑስማን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1895 በሐረርጌ ተወለዱ። ከተለያዩ መሻይኾች ዘንድ ቀርተው ራሳቸው ደረሳ ሰብስበው ማስቀራት ያዙ። ስለ ዲንና ስለ ታሪክ በዐረብኛ ጻፉ። በኦሮምኛ የገጠሟቸውን ግጥሞች ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ጭምር በቃሉ ይዟቸው ነበር።

ሸይኹን ያሳሰባቸው የቋንቋው አጻጻፍ ነበር። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም ሲያጥሩና ሲረዝሙ የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። የዐረብኛ ፊደል አምስቱን ለይቶ አይጽፍም፤ የግእዙ ፊደል ደግሞ ርዝመቱን አያሳይም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1956 ለቋንቋው የሚስማማ የራሱን ፊደል ቀረጹለት። ደረሶቻቸው ተማሩት፤ ሰዎችም ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር።

ይህ የሆነው የ1955ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ ብሎ በደነገገ ማግስት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱና ማተሚያ ቤቱ ለኦሮምኛ ዝግ ነበሩ። አማርኛ የማያውቅ ገበሬ በገዛ ሀገሩ ዳኛ ፊት በአስተርጓሚ ይቆም ነበር። እንዲህ ያለ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ መጻፍ መጀመሩ ባለሥልጣናቱን አስደነገጠ። ፊደሉ ታገደ፤ ሸይኹም በድሬዳዋ የቁም እስረኛ ሆኑ።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላም እፎይታ አላገኙም። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1980ም እዚያው በስደተኞች መጠለያ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል የትምህርትና የቢሮ ቋንቋ ሆኗል። የሸይኹ ፊደል ይሻል ነበር ወይስ አይሻልም ብለን አንከራከርም። እኛን የሚያሳዝነን ፊደሉ በሕዝብ ዘንድ የመፈተን ዕድል መነፈጉ ነው። አንድን ሕዝብ ዝም ለማሰኘት አፉን መለጎም የግድ አይደለም፤ የሚናገረው የሚጻፍበትን፣ የሚታተምበትንና የሚሰማበትን ቦታ መዝጋት ይበቃል።

ያኔ የተዘጋውን በር ዛሬ መክፈት ባንችልም የተረፈውን ማዳን እንችላለን። በየቤታችን፣ በየመስጂዱና በየመድረሳው ሣጥን ውስጥ የአባቶቻችን የእጅ ጽሑፎች ይኖራሉ። ብልና እርጥበት ሳይቀድመን አንባቢ እንፈልግላቸው።