አበበ ቢቂላ፤ ከሮም በኋላ ያለው ታሪክ

ባለፈው ሰሞን ደቅ ነበርኩ። ናርጋ ሥላሴን ተሳልሜ ወደ ባሕር ዳር የሚመልሰንን ጀልባ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ያቺን ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ ከፈተ። ታውቋታላችሁ፤ ሮም፣ ምሽት፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ቀጭን ሰው። ጋሼ፣ ጫማ መግዣ አጥቶ ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቆራረጠና ቪዲዮው ቆመ፤ እኔ ቀጠልኩ።

ጫማማ አልቸገረውም። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላስቸገረው ነው የተወው፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነገር ነበር። አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አድጎ ክቡር ዘበኛ ገባ። እዚያ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ አገኘው። ሮም ሲሄድ 28 ዓመቱ ነው፤ ከአገር ውጭ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እኛ ጋ ችቦ በሚለኮስበት ምሽት፣ ሮምም ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ይሄን መገጣጠም ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቁጥር 26 ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ለብሶ ገባ። አበበ 26ን ሲፈልግ፣ ለካ አጠገቡ የሚሮጠው ራሱ ራዲ ነው! መጨረሻው ላይ፣ ሙሶሎኒ ወስዶ ያቆመው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። እዚያ ቦታ ላይ አምልጦ ለመሄድ ከኒስካነን ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ቶኪዮ ነው። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም፣ ያውም በጫማ፣ 2፡12፡11 ገባ። ሁለተኛው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲመጣ፣ አበበ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ባንዱ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ስላላገኘ የጃፓንን መዝሙር መጫወቱስ!

ሜክሲኮ ላይ ጉዳት ነበረበት፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ጎረምሳው እስከዚህ ያለውን ትንሽ ትንሽ ያውቃል። ቀጥሎ ያለውን ግን አልሰማም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ማታ፣ አበበ የሚነዳት ቮልስ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ያቺን ሌሊት መኪናው ውስጥ አደረ። ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ሰው ቤቱ ይቀመጣል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ልጅ ሆኜ ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። እሱ ቀስት መወርወር ጀመረ፤ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ በዚያው በእንግሊዝ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ተሰለፈ። በ1963 ደግሞ ኖርዌይ ሄደ፤ በረዶ ላይ፣ በመንሸራተቻ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶ ላይ! በ1964 ሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሄዶ ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ቅዱስ ዮሴፍ ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱም፣ እጅግ ብዙ ሕዝብም ተገኝቷል።

ጀልባው መጣ። ጎረምሳው ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ የኖርዌዩን ቪዲዮ ይፈልግ ጀመር። ኔትወርክ የለም። ባሕር ዳር ስንደርስ እናየዋለን አልኩት።