ሱንግ ቺንግ-ሊንግ፡ አብዮት ከእህቷ የለያት የቻይና እመቤት

ከሦስቱ የሱንግ እህትማማቾች መካከለኛዋ ቺንግ-ሊንግ እአአ በ1893 ሻንግሃይ ውስጥ ተወለደች። መጽሐፍ ቅዱስ በማተም ሀብት ያፈሩት አባቷ ሦስቱንም ሴት ልጆቻቸውን አሜሪካ፣ ጆርጂያ ልከው አስተማሩ። በዘመኑ ይህ ለወንድ ልጅ እንኳ ብርቅ ዕድል ነበር።

በ1913 ተመርቃ ስትመለስ የአባቷ ወዳጅ የሆነው የአብዮት መሪ፣ የሱን ያት-ሰን ጸሐፊ ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ወላጆቿ እየተቃወሙ፣ በ26 ዓመት የሚበልጣትን ይህን ሰው ቶኪዮ ላይ አገባችው። በ1925 ሞተባት።

ቤተሰቡን የሰነጠቀው 1927 ነው። ጄኔራል ቺያንግ ካይ-ሼክ በኮሚኒስቶች ላይ ሰይፉን ሲመዝ፣ የባሏን ዓላማ ከድቷል ብላ አወገዘችውና ወደ ሞስኮ ሄደች። በዚያው ዓመት ማብቂያ ታናሽ እህቷ ሜይ-ሊንግ ቺያንግን አገባች።

የጃፓን ወረራ ለጥቂት ዓመታት አቀራርቧቸው ነበር። በ1949 ኮሚኒስቶች ሲያሸንፉ ግን ቺንግ-ሊንግ ከአዲሱ መንግሥት ጋር ቆመች፤ ሜይ-ሊንግ ኑሮዋን ከባሏ ጋር ታይዋን አደረገች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

በግንቦት 1981 ቺንግ-ሊንግ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የቻይና የክብር ፕሬዝዳንት ተባለች። አሜሪካ የነበረችው ሜይ-ሊንግ ለቀብሯ አልመጣችም። የተቀበረችውም ናንጂንግ በሚገኘው የባሏ ታላቅ መቃብር አይደለም፤ በምኞቷ መሠረት ሻንግሃይ፣ ከወላጆቿ ጎን፣ ከ50 ዓመታት በላይ አብራት ከኖረችው ሠራተኛዋ ከሊ ያን-ዔ አቅራቢያ ነው።