አንትዋን ዳባዲና የቆላው ንዳድ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከጅማ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሊሙ የቡና አገር ሰቃ የምትባል ስመ ጥር የገበያ ከተማ እንደነበረች ታውቃላችሁን? በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሊሙ እናርያ ንጉሥ የአባ ባጊቦ ዋና ከተማ ነበረች። ከጎጃም የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች የዓባይን በረሃ አቋርጠው እስከዚያ ይዘልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 በዚሁ መንገድ አንትዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ሰቃ ገባ።

ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደርሶ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን ተመላለሰ። የተራሮችን አቅጣጫ ለካ፤ ቋንቋዎችን አጠና፤ የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ። ውኃ በከፍታ ስፍራ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ውኃ እያፈላ የየቦታውን ከፍታ ያሰላ ነበር።

በዚያ ዘመን ደገኛ ሁሉ ቆላ ማደርን ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ወባ የምንለው ንዳድ ብዙ ሰው ይጨርስ ነበርና። ዳባዲ ግን ከደጋ ወደ ቆላ እየወረዱ በደኅና የሚመለሱ ዝሆን አዳኞች መኖራቸውን ተረዳ። እነዚህ ሰዎች ራቁት ገላቸውን በየዕለቱ በድኝ ጭስ ይታጠኑ ነበር። ዳባዲ ይህን በ1882 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አስረዳ።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ነበር? በጊዜው ብዙዎች ንዳድ የሚመጣው ከረግረግ አየር ነው ይሉ ነበር። ላቭራን የተባለ ሐኪም በ1880 በአልጄሪያ የበሽታውን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ አይቶ ነበር፤ ተውሳኩ እንዴት ወደ ሰው እንደሚገባ ግን ገና አልታወቀም። ዳባዲ በመጋቢት 1897 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ከአምስት ወር በኋላ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ተውሳኩን በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዳባዲ የቦታውን ከፍታ ለክቷል፤ የንዳዱንም ወሬ መዝግቧል። ደጋው ከወባ የሚድነው፣ ብርዱ ተውሳኩ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳያድግ ስለሚከለክለው መሆኑን ግን ሳያውቅ ሞተ። ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልነበረም። አዳኞቹን ሳይንቅ ጠይቆ ያዩትን በመጻፉ፣ ልማዳቸው ለሊቃውንት ምርመራ ቀረበ።

ዛሬ በሊሙ ቆላ የሚሠራ የጤና ሠራተኛ የበሽተኛውን ደም መርምሮ ውጤቱን ይመዘግባል፤ ቁጥሩንም በየሳምንቱ ለበላይ ያስተላልፋል። አጎበር የሚታደለውና መድኃኒት በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው በዚህ መዝገብ እየተመሩ ነው። ስለዚህ እናንተም የምታዩትን ነገር ከነቦታውና ከነጊዜው በትክክል መጻፍን ተማሩ፤ ምክንያቱ ዛሬ ባይገለጥላችሁ፣ ጽሑፋችሁ ነገ ለሚመረምረው ይጠቅማልና።