አንዲ ሁግ፡ ከሥጋ ቤት እስከ ዮኮሐማ መድረክ

ባሕር ዳር፡ ነሐሴ 18 - በቪዲዮ ቤት ፊልም ካራቴን ላወቀ ሰው ጀግና ማለት የማይሸነፍ ነው። በእውነተኛው የውድድር መድረክ ግን ስዊዘርላንዳዊው አንዲ ሁግ ደጋግሞ ተሸንፏል፤ በሽንፈቱም ጭምር ተወድዷል።

ሁግ ጳጉሜን 2 ቀን 1956 ዓ.ም በዙሪክ ተወለደ። አባቱን ሳያውቅ፣ ቮለን በምትባል አነስተኛ ከተማ በአያቶቹ እጅ አደገ። የወንድ አያቱ ሙያ ግንበኝነት ነበር። እርሱ ደግሞ የሥጋ ቤት ሙያ ተማረ። ካራቴን የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው።

የተከተለው ስልት ማሱታትሱ ኦያማ በጃፓን የመሠረቱት ኪዮኩሺን ነው። በዚህ ውድድር ጓንት የለም። ፊትን በእጅ መምታት ክልክል ሲሆን ራስን በእግር መምታት ግን ይፈቀዳል። በዓለም ሻምፒዮናው የክብደት ምድብ ስለሌለ ቀጭኑ ከግዙፉ ጋር ይገጥማል። ሁግ የታወቀበት ምት እግሩን ከባላጋራው ራስ በላይ አንሥቶ ተረከዙን እንደ መጥረቢያ ቁልቁል ማውረድ ነበር።

በ1980 ዓ.ም ለዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያልሆነ ተፋላሚ ሆነ፤ በአኪዮሺ ማትሱይ ተረታ። በ1984 ዓ.ም የገጠመው ግን ከዚያ የመረረ ነው። ከብራዚላዊው ፍራንሲስኮ ፊልዮ ጋር ሲፋለም የማብቂያው ምልክት በተሰማበት ቅጽበት በእግር ራሱን ተመትቶ ወደቀ። ዳኞች ተከራከሩ። ኦያማ ተፋላሚ ምንጊዜም መዘናጋት የለበትም በማለት ምቱን አጸደቁት። ምልክቱ ለሁለቱም ነውና የሁግ ወገኖች ቅሬታ መሠረት አልነበረውም ማለት ይቸግራል።

ሁግ ብዙም ሳይቆይ ኪዮኩሺንን ለቀቀ። በ1986 ዓ.ም ኬ ዋን ወደተሰኘው ውድድር ገባ። እዚህ ጓንት ይጠለቃል፤ ፊትን በቡጢ መምታትም ይፈቀዳል። በ29 ዓመቱ ቦክስን እንደ ጀማሪ መማር ግድ ሆነበት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተጋጣሚዎቹ በቁመትም በክብደትም ይበልጡት ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማይክ ቤርናርዶ በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ዘርሮታል።

ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ዓ.ም ሁለቱ በዮኮሐማ ለፍጻሜ ተገናኙ። በሁለተኛው ዙር ሁግ ተሽከርክሮ በተረከዙ የቤርናርዶን ጭን መታ፤ ግዙፉ ሰው ዳግም መቆም ተሳነው። የሥጋ ቤቱ ተለማማጅ የኬ ዋን ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ግን አልደገመውም፤ በ1990 ዓ.ም በኧርነስቶ ሆስት፣ በ1991 ዓ.ም በፒተር ኤርትስ በፍጻሜ ተረትቷል።

ሰኔ 30 ቀን 1992 ዓ.ም በጃፓን የመጨረሻ ፍልሚያውን በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ግን ድንገት የደም ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ነሐሴ 18 ቀን በቶኪዮ ሆስፒታል፣ 36ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ። ባለቤቱንና የ5 ዓመት ልጁን ትቶ ሄደ። በቶኪዮ በተደረገው የስንብት ሥነ ሥርዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ጃፓናውያን ተሰልፈው አለቀሱለት።