ሲ ኤስ ሉዊስ፡ ናርኒያን የፈጠረው፣ የወዳጁንም ድርሰት ለፍጻሜ ያበቃው አንባቢ

ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት የጻፈው ሲ ኤስ ሉዊስ በመላው ዓለም የሚታወቀው በደራሲነቱ ነው። ነገር ግን ደራሲ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ ከሆነም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አንባቢ ነበር። አንብቦ የወደደውን መጽሐፍ ለወዳጆቹ ሳይነግር አያድርም። ሊያነበው የሚመኘው ዓይነት መጽሐፍ ገና ያልተጻፈ እንደሆነም ወዳጆቹን ጻፉ እያለ ይወተውት ነበር።

ዛሬ የምናባዊ ልብ ወለድ ፍቅር ያደረበት አንባቢ ከየትኛው ተከታታይ መጽሐፍ ልጀምር ብሎ ቢጠይቅ ሁለት ሥራዎች ከሌሎቹ ቀድመው ይነሳሉ፤ ናርኒያ እና 'የቀለበቶቹ ጌታ'። የመጀመሪያው የሉዊስ ነው። ሁለተኛው የጄ አር አር ቶልኪን ቢሆንም፣ ቶልኪን ራሱ እንደመሰከረው የሉዊስ ጉትጎታ ባይኖር ኖሮ ድርሰቱ ባላለቀ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጻሕፍት የተሞላው ቤት

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ኅዳር 29/1898 በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። አባቱ አልበርት የሕግ ባለሙያ ነበሩ። እናቱ ፍሎራ የቄስ ልጅ ሲሆኑ፣ ሴቶች ለከፍተኛ ትምህርት እምብዛም በማይበቁበት በዚያ ዘመን በሒሳብ የተመረቁ ምሁር ነበሩ።

ሕፃኑ ገና በለጋነቱ የተሰጠውን ስም ትቶ ጃክ ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። ቤተሰቡም ወዳጆቹም እስከ መጨረሻው በዚሁ ስም ጠሩት።

በ1905 ቤተሰቡ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለ ሰፊ ቤት ተዛወረ። ወላጆቹ የገዙትን መጽሐፍ የማይጥሉ ሰዎች ስለነበሩ መደርደሪያው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ሳይቀር በመጻሕፍት ተሞልቶ ነበር። የቤልፋስት ዝናብ ከቤት በማያስወጣቸው ቀናት ጃክ እና በሦስት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ዋረን ቦክሰን የሚባል የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። በዚያ ዓለም እንስሳት ልብስ ለብሰው ይናገራሉ፤ መንግሥት አላቸው፤ ካርታና ታሪክም ተዘጋጅቶላቸዋል።

ይህ የልጅነት ደስታ ዕድሜው አጭር ነበር። እናቱ በካንሰር ታመሙ። ልጁ እንዲድኑለት አጥብቆ ጸለየ፤ ነገር ግን ነሐሴ 23/1908 አረፉ። ጃክ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ሳምንታት ሳይቆጠሩም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ውስጥ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎችን በመደብደብ የሚታወቁ ጨካኝ ሰው ነበሩ። በልጁ ልብ ውስጥ የነበረው እምነትም ከዚያ በኋላ በነበሩት የተማሪነት ዓመታት ተሟጠጠ።

ባቡር ጣቢያ ላይ የተገዛው መጽሐፍ

በ1914 ጃክ ከቤተሰቡ ቤት አጠገብ የሚኖር፣ ታሞ አልጋ ላይ የዋለ አርተር ግሪቭስ የተባለ ወጣት ሊጠይቅ ሄደ። ከአልጋው አጠገብ ስለ ጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ ተቀምጦ አየ። እሱም የሚወደው መጽሐፍ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች በዚያች ሰዓት በጀመሩት ጨዋታ የተመሠረተው ወዳጅነት ወደ 50 ዓመት ገደማ ዘለቀ። ደብዳቤዎቻቸውም በአብዛኛው ምን እንዳነበቡና ምን መነበብ እንዳለበት የሚያወሱ ነበሩ።

ሉዊስ በዚያው ዓመት ዊልያም ከርክፓትሪክ በተባሉ አዛውንት መምህር ቤት ለመማር ወደ ደቡብ እንግሊዝ ሄደ። በ1916 በሌዘርሄድ ባቡር ጣቢያ ከሚገኝ መጽሐፍ ሻጭ የስኮትላንዳዊውን የጆርጅ ማክዶናልድን 'ፋንታስቲስ' ገዛ። በ1858 የታተመው ይህ ልብ ወለድ አንድ ወጣት ከእንቅልፉ ሲነቃ መኝታ ክፍሉ ወደ ጫካ ተለውጦ ራሱን በአስማት ምድር ያገኘበትን ጉዞ ይተርካል።

ሉዊስ ከዚያች ቀን በኋላ እንደቀድሞው አንባቢ አልሆነም። መጽሐፉን አርተርም እንዲያነበው ወዲያውኑ ጻፈለት። በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ ወደ ሌላ ዓለም የሚወስድ በር ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በቁም ሳጥን መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ በፊት ግን ጦርነት ነበር። ሉዊስ በ1917 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ብዙም ሳይቆይ ወደ ውትድርና ሥልጠና ሄደ። ፈረንሳይ በሚገኘው ምሽግ የደረሰው ልክ 19 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። በሚያዝያ 1918 ዒላማውን የሳተ የራሱ ወገን መድፍ አቆሰለው። ፓዲ ሙር የተባለው ጓደኛው ከጦርነቱ አልተመለሰም። ሉዊስም ለጓደኛው በገባው ቃል መሠረት የፓዲን እናት በ1951 እስኪያርፉ ድረስ እንደ ልጅ ጦራቸው።

ከቶልኪን ጋር

በ1925 በኦክስፎርድ ማግደለን ኮሌጅ በመምህርነት ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ከሆነው ቶልኪን ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም እናታቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ ከምሽግ የተረፉ፣ የጥንት ተረቶች ፍቅር ያሰራቸው ሰዎች ነበሩ።

ቶልኪን ለዓመታት በምስጢር የያዛቸው ግጥሞችና አፈ ታሪኮች ነበሩት። በ1929 ማብቂያ ላይ ከእነዚህ አንዱን ለሉዊስ ሰጠው። ሉዊስ በአንድ ሌሊት ብዙውን ክፍል ካነበበ በኋላ ግጥሙ የጥንት ብራና ይመስል የተለያዩ ምሁራን አስተያየት የሰጡበት አስመስሎ እርማቱን በቀልድ አዋዝቶ ጻፈለት። ሰው ያየው ይሆን እያለ ለሚሳቀቀው ቶልኪን ይህ ትልቅ ድፍረት ሰጠው።

በ1931 አንድ የመስከረም ሌሊት ሉዊስ፣ ቶልኪን እና ሁጎ ዳይሰን በኮሌጁ የአትክልት መንገድ እየተመላለሱ ስለ አፈ ታሪክና ስለ እምነት እስከ ንጋት ድረስ ተነጋገሩ። ለዓመታት እግዚአብሔር የለም ሲል የኖረው ሉዊስ ከቀናት በኋላ ወደ ክርስትና ተመለሰ።

በሁለቱ ዙሪያ ኢንክሊንግስ የሚባል የጸሐፍት ስብስብ ተፈጠረ። አባላቱ ሐሙስ ምሽት በሉዊስ ክፍል እየተገናኙ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሌሎቹም ያለ ርኅራኄ ይተቻሉ።

አንድ ቀን ሁለቱ ወዳጆች የሚወዱት ዓይነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለጠፋ ራሳቸው ሊጽፉት ተስማሙ። ሉዊስ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ቶልኪን ደግሞ ስለ ጊዜ ጉዞ ሊጽፉ ተከፋፈሉ። የቶልኪን ድርሻ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ሉዊስ ግን በ1938 ወደ ማርስ ስለተወሰደ አንድ የቋንቋ ምሁር የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1943 እና በ1945 ሁለት ተከታዮች ጨመረለት። ይህ የጠፈር ሦስትዮሽ ናርኒያን በልጅነቱ አንብቦ ላደገና ጠንከር ያለ ነገር ለሚፈልግ አንባቢ እስከዛሬ የሚመከር ሥራ ነው።

የቶልኪን 'ሆቢት' በ1937 ሲታተም ሉዊስ በጋዜጣ ላይ አወድሶ ጻፈ። አሳታሚው ሌላ መጽሐፍ ሲጠይቅ ቶልኪን 'የቀለበቶቹ ጌታ'ን ጀመረ። ሥራው ከ10 ዓመት በላይ ወሰደ። ቶልኪን እያንዳንዱን ቃል የሚመረምር፣ የጻፈውን ደግሞ ደጋግሞ የሚያፈርስ፣ በየጊዜውም እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ነበር። እሱ ባቆመ ቁጥር ሉዊስ ቀጣዩ ምዕራፍ የት ደረሰ እያለ ይጠይቀዋል። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ሲወጣም ሉዊስ ለሕዝብ ካስተዋወቁት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ነበር።

ጃንጥላ የያዘው ፍጡር

ሉዊስ በ16 ዓመቱ ገደማ በአእምሮው የተሳለ አንድ ምስል ነበረው፤ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ፍጡር ጃንጥላና ጥቅል ይዞ በረዷማ ጫካ ውስጥ ሲሄድ። በ1939 ጦርነት ሲነሳ ከለንደን የሸሹ ሕፃናት ቤቱ ተጠልለው ነበር። ያን ምስል ወደ ታሪክ የመቀየር ሐሳብም በዚያው ሰሞን መጣ። ታሪኩ ግን ሙሉ ሕይወት የዘራው ከዓመታት በኋላ አስላን የተባለው አንበሳ ሲገባበት ነው።

'አንበሳው፣ ጠንቋይዋ እና ቁም ሳጥኑ' በ1950 ታተመ። ከዚያ በኋላ እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ወጣ። የመጨረሻው በብሪታኒያ ለሕፃናት ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳሊያ አስገኘለት።

የሚገርመው፣ ናርኒያን ካልወደዱት አንዱ ቶልኪን ነበር። የግሪክ አፈ ታሪክ ፍጡራንን፣ የሚናገሩ እንስሳትንና የገና አባትን በአንድ ጫካ መሰብሰብ ዓለሙን ቃል በቃል ለሚገነባው ቶልኪን የችኮላ ሥራ መስሎ ታየው። ሉዊስ በዚህ ቂም አልያዘም። የሁለቱ ቅርበት በዓመታት ውስጥ ቢቀዘቅዝም የወዳጁን መጽሐፍ ማወደሱን አላቆመም።

በስድስተኛው መጽሐፍ፣ 'የአስማተኛው የእህት ልጅ' በተሰኘው፣ ዲጎሪ የሚባል ልጅ አለ። እናቱ በጠና ታማለች። ልጁ ለእሷ ሲል ሕይወት የምትሰጥ ፍሬ ከሩቅ አገር ያመጣል፤ እናቱም ትድናለች። ደራሲው በ9 ዓመቱ ጸልዮ ያላገኘውን በ50ዎቹ ዕድሜው ለዲጎሪ ሰጠው።

ሥራዎቹ ከትችት አላመለጡም። ካሎርሜን የሚባለውን የበረሃ መንግሥትና ጠይም ሕዝቡን የሣለበት መንገድ የመካከለኛው ምሥራቅን ሰዎች በጅምላ የሚያንቋሽሽ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ለልጆቻቸው መጽሐፉን የሚመርጡ ወላጆች አብረው አንብበው ቢነጋገሩበት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከየትኛው ይጀመር?

ሉዊስ ከሕፃናት የሚደርሱትን ደብዳቤዎች በእጁ ጽፎ ይመልስ ነበር። በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ ከእናቱ ጋር ያልተስማማበትን ጉዳይ አቀረበለት። እናትየው መጻሕፍቱ በታተሙበት ቅደም ተከተል ይነበቡ ባይ ናት። ልጁ ግን በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል፣ ማለትም የናርኒያ አፈጣጠር ከሚተረክበት ከስድስተኛው መጽሐፍ መጀመር አለበት ይላል። ሉዊስ ወደ ልጁ አዘነበለ፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ እንደሚችልም ጠቆመ።

ከ1994 ጀምሮ አሳታሚዎች የልጁን ምርጫ ተከትለው ቁጥሮቹን ቀይረዋል። ብዙ የቆዩ አንባቢዎች ግን አሁንም ከእናትየው ጋር ናቸው። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከምትገባው ሉሲ ጋር አብሮ መደነቅ የሚቻለው ከበሩ ማዶ ያለው ቀድሞ ካልታወቀ ነው ይላሉ።

ያልታወቀው መጽሐፍ

ከ1950 ጀምሮ ደብዳቤ ከጻፉለት አንባቢዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጆይ ዴቪድማን ነበረች። በ1956 በሕግ ተጋቡ። ጥቂት ቆይቶ ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ተገኘ። በ1957 በሆስፒታል አልጋዋ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ። በሽታው ለተወሰነ ጊዜ ጋብ ሲልላት አየርላንድን፣ በኋላም ግሪክን አብረው አዩ። ጆይ ሐምሌ 13/1960 በ45 ዓመቷ አረፈች።

ልጅነቱን የሰበረው በሽታ ዳግመኛ ቤቱ ገባ። ሉዊስ ሐዘኑንና ከእግዚአብሔር ጋር የገጠመውን ሙግት በማስታወሻ ደብተር ጻፈ፤ በ1961ም በብዕር ስም አሳተመው። ደራሲው ማን እንደሆነ ያላወቁ ወዳጆቹ ያጽናናው ይሆናል ብለው ያንኑ መጽሐፍ ለራሱ ለሉዊስ አንብበው እንዳሉት ይነገራል።

በዚያው ዓመት ጥር ወር፣ ሐዘኑ ገና ሳይደርቅ፣ ሌላ ሥራ ሠራ። ለኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ዕጩ እንዲጠቁም ተጠይቆ የቶልኪንን ስም ላከ። ኮሚቴው አልተቀበለውም፤ ሽልማቱ ለዩጎዝላቪያዊው ኢቮ አንድሪች ተሰጠ። የኖቤል ሰነዶች ለ50 ዓመት ስለሚዘጉ ጉዳዩ ይፋ የሆነው በ2012 ነው። ያኔ ሁለቱም ወዳጆች በሕይወት አልነበሩም።

ሉዊስ ኅዳር 22/1963፣ 65 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኦክስፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። በዕለቱ ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ዳላስ ውስጥ ተገደሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ የዓለም መሪዎች ወደ ዋሽንግተን ለቀብር ሲያመሩ የሉዊስ ሞት በጋዜጦች ላይ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ጥቂት ወዳጆቹ በሄዲንግተን ኳሪ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ከቀባሪዎቹ መካከል ቶልኪን ይገኝበት ነበር።

የናርኒያ መጻሕፍት ከ40 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉመው ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። በሞተ በ50 ዓመቱ፣ በ2013፣ ለንደን በሚገኘው የዌስትሚኒስተር ገዳም የገጣሚያን ጥግ መታሰቢያ ቆመለት። ሲጎተጉተው የኖረው የወዳጁ ሥራም ዛሬ ከናርኒያ ጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።