ሄርታ ኤርተን፦ የአርክን ጠባይ ያጠናች መምህርት

ሄርታ ኤርተን እ.ኤ.አ. በ1854 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። ሰዓት ሠሪው አባቷ በ1861 ሲሞቱ ቤቱ ተቸገረ፤ እሷም በ16 ዓመቷ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ራሷን ቻለች። ኋላ ካምብሪጅ ገብታ ሒሳብ ተማረች።

በዘመኑ የመንገድ አርክ መብራት፣ ማለትም በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል የሚዘለው ኮረንቲ፣ እያፏጨ ያስቸግር ነበር። ምክንያቱ ምንድነው? ኦክስጅን የጋለውን ካርቦን ሲነካ መሆኑን ያሳየችው እሷ ናት። በ1902 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ብትታጭ ባለትዳር ሴት ናት ተብላ ቀረች። ምን ይደረግ! ሥራዋን ግን አልተወችም፤ በ1906 ያው ማኅበር የሂዩዝ ሜዳሊያ ሸለማት። በ1923 ዐረፈች።

ዛሬ አርክ በቤት ውስጥ ጠላት ነው። የላላ ሽቦ እያፏጨ እሳት ያስነሣል፤ ኮረንቲውን ስለማያበዛው ተራ ፊውዝ አይነቃበትም። አርክን ለይቶ የሚያቋርጥ ብሬከር የተሠራው ለዚህ ነው። እጩ መምህራን፣ ሶኬት ሲያፏጭ ዝም አትበሉ!